ቡፌ ውስጥ የታሰረው ሜጋፎን

ሜጋፎኑ ቡፌ ውስጥ ከታሰረ ዛሬ ሳምንት ሞላው። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ለእንግዳ ብቻ በሚወጡት ጠርዘ ወርቅ ብርጭቆዎች መሐል፣ አፉን ወደ መስተዋቱ አዙሮ ተቀምጧል። ከጎኑ ደግሞ በጥቁር ሽፋን ተጠርዞ በወርቃማ ፊደል የተጻፈበት፣ የቤቱ ልጅ የእምነት የማስተርስ ጥናት ቆሟል። ርእሱ ረጅም ነው፤ ባጭሩ፣ በዓለም አገሮች ውስጥ የፕሬስ ነፃነትና የኢኮኖሚ እድገት ምን ያህል እንደሚዛመዱ ይመረምራል። አጎቷ ጋሽ ፍቅሩ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጡት ነገር አስበው አይደለም። በእሳቸው ቤት ውድ ነገርም አደገኛ ነገርም የሚቆለፍበት ቦታ አንድ ነው፤ ቁልፉም ቀበቷቸው ላይ ይንጠለጠላል። እምነት ግን ሳሎኑን ባቋረጠች ቁጥር ዓይኗ እዚያ ላይ ያርፋል። አንዱ ስለ መናገር ብዙ ገጽ ያወራል፣ የሚያነበው የለም። ሌላው ከመናገር በቀር ሌላ ሙያ የለውም፣ ተቆልፎበታል።

«ቂሊንጦ እዚሁ አፍንጫችን ስር እያለ የኔን ቡፌ ወህኒ ቤት ያደርጉታል?» አሉ የጋሽ ፍቅሩ ባለቤት እትዬ መሰለች፣ ለእሑድ ቁርስ ዳቦ እየቆረሱ። «ብርጭቆ ለማውጣት እኮ የጠያቂ ሰዓት ልጠብቅ ነው።»

ጋሽ ፍቅሩ ቀኝ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ሞባይላቸውን ያያሉ። ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ሸበጡ አልበቃው ብሏል። ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ነው ብለዋል። ቤቱ ደረጃ የለውም፤ ከአቃቂ አሮጌ ቤቶች አንዱ ስለሆነ እንኳን ደረጃ፣ ወለሉም ቢሆን ያለው በግምት ነው። የየት ደረጃ ሲባሉ የወረዳ አሉ። የወረዳ ደረጃ በሰው ላይ የማያደርሰው በደል እንደሌለ ሁሉም ስለሚያውቅ ጥያቄው እዚያው ላይ ቆመ። ያልቆመው የጫማው ጥያቄ ነው። ለቀብርና ለስብሰባ ብቻ የሚያደርጉት ቡናማ ጫማ አንድ እግሩ ጠፍቷል። እትዬ መሰለች አልጋ ስር ተንበርክከው ፈልገዋል፣ የጎረቤት ግቢ አስፈትሸዋል፣ ሊስትሮውን ጠይቀዋል።

«ሌባ እንኳን ወግ አለው፤ ሁለቱንም ነው የሚወስደው።»

«ውሻ ይሆናላ» አሉ ጋሽ ፍቅሩ ከሞባይላቸው ቀና ሳይሉ።

«ውሻው ስንት ቁጥር ነው የሚያደርገው?»

የሜጋፎኑ ጥፋት ግን የታወቀ ነው። ጋሽ ፍቅሩ የሚመሩት እድር ከባቡሩና ከፋብሪካው ዘመን ጀምሮ ያለ እድር ነው። ከአባላቱ ግማሹ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተበትኗል፤ ለመኖር እዚያ፣ ለመቀበር እዚህ ነው። የእድሩ ለፋፊ ጋሽ ቡልቻ ይባላሉ። ድሮ በጡሩምባ፣ አሁን በሜጋፎን፣ በማለዳ መንደሩን እየዞሩ የሞተውን ሰው ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ። የእድሩ ደንብ ስለ ልፈፋ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለፋፊ ሞትን ይናገራል፣ ከሞት ሌላ አይናገርም። ሰው ካልሞተ ዜና አይሆንም። እምነት የስንቱን አገር የፕሬስ ሕግ ስታገላብጥ ከዚህ የጠራ አላጋጠማትም። ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ግን ጋሽ ቡልቻ የእማማ ብዙወርቅን ቀብር ሲናገሩ መጨረሻው ላይ ከራሳቸው ጨመሩ፦ «እግረ መንገዴን! አዲሱ ሱቃችን ፊት ለፊት ያለው ቦይ ክዳን የለውም። ሣር የሚመስለው ሣር አይደለም። አንድ አባላችን ወድቀውበታል፤ በሕይወት አሉ። ለቀብር ስትመጡ በግራ በኩል እለፉ!»

ሱቆቹ የጋሽ ፍቅሩ የብዙ ዓመት ሕልም ናቸው። በዋናው መንገድ ዳር፣ በእድሩ መሬት ላይ ተሠርተው፣ ተከራይተው፣ ኪራዩ ጧሪ ላጡ አባላት እንዲውል ነው። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ማንም አልካደውም። ችግሩ ምርቃቱ ቸኮለ። ለቦዩ የታሰበው የኮንክሪት ክዳን ለሌላ ጊዜ ተላለፈና የልማት ኮሚቴው አባላት ስም የተቀረጸበት እብነ በረድ ቀደመ። ቦዩ ፎቶ ላይ እንዳያስቀይም ደግሞ ችፑድ ተጋደመበትና ከላዩ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር ተነጠፈ። ፎቶው እውነትም ያምራል። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ዘነበ፤ ችፑድ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ምን እንደሚሆን የማያውቅ የአቃቂ ሰው የለም። ልፈፋው በተሰማ ማግስት ካፌ ሊከፍት የነበረው ሰውዬ ስልክ ማንሳት አቆመ። ለፋርማሲ ቦታ ትፈልግ የነበረችው አዚዛም «እስቲ ልመለስበት» ብላ ሄደች። ጋሽ ፍቅሩ «አንድ አፍ የስንት ሰው ልማት በላ!» ብለው ሜጋፎኑን ነጥቀው ቡፌው ውስጥ ቆለፉበት። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠቅላላ ስብሰባ አለ። አጀንዳው ጋሽ ቡልቻን ከለፋፊነት ማሰናበትና ልፈፋውን ወደ ቴሌግራም ቻናል ማዛወር ነው። ቻናሉ ተከፍቷል። ኮሜንት መስጫው ተዘግቷል።

«እሙ» አሉ ጋሽ ፍቅሩ ሞባይላቸውን አስቀምጠው። «ዛሬ ስብሰባው ላይ ሁለት ቃል ትናገሪልኛለሽ።»

«ምን ብዬ ጋሼ?»

«አጥንተሽዋላ! ልማት ይቀድማል፣ ወሬ ይከተላል በይ። ያቺ አገር ማናት… ሲንጋፖር። እሷን ጥሪልኝ። ካንቺ ሲሰሙት ይሻላል፤ እኔ ስናገር ፍቅሩ ለሱቁ ነው ይላሉ።»

እምነት የጨበጠችውን ዳቦ እያየች ቀረች። አንድ ማታ ራት ላይ ስለ ጥናቷ ስትነግራቸው፣ ከተቆጠሩት አገሮች ሁሉ አንዷን፣ ነፃነትና እድገት አብረው ይሄዳሉ ከሚለው መስመር ወጥታ የምታስቸግራትን፣ መርጠው ይዘዋታል። እንቢ ማለት ነበረባት። ነገር ግን እኚህን ሰው እንቢ ብላ አታውቅም። አባቷ ሲሞት ከለቅሶው ድንኳን በቀጥታ እጇን ይዘው እዚህ ቤት ያስገቧት እሳቸው ናቸው። ሳሎኑ አንድ ስለሆነ፣ እሷ ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ ስታጠና፣ እሳቸው የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍተው ኳስ ያያሉ። ከአንደኛ ደረጃ እስከ ማስተርስ ድረስ ስንት ጎል በዝምታ አዩ! ጎል ሲገባ ወንበሩን ጭብጥ አድርገው ይዘው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ያለ ድምፅ ይጮሃሉ። ዛሬ ከዲግሪዋ ላይ የእሳቸውን ድርሻ ቀንሺ ቢሏት፣ የሚቀረው ሽፋኑ ይመስላታል።

«እሺ አላልሽኝም» አሉ።

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

እሺና ሰምቻለሁ አንድ እንዳልሆኑ ሁለቱም ያውቃሉ። እትዬ መሰለች ሻይ ቀዱ፤ ለባልየው ከልማዳቸው ውጪ ስኳሩን ሳይጠይቁ ነው የጨመሩት። በዚያ ቤት ይህ የማስታረቅ ሙከራ ነው። ኋላ ጋሽ ፍቅሩ፣ «በይ ለቡልቻ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ነግረሽው ነይ» አሉ። ሜጋፎኑ ከታሰረ ወዲህ ኮሚቴው ስብሰባውን የሚያስታውቀው ቤት ለቤት በእግር ሰው እየላከ ነው። ቴሌግራሙን የተከተሉት የኮሚቴው አባላት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ መጀመሪያውኑ የጻፉት ናቸው።

እምነት ወጣች። የእሑድ አቃቂ ከሥራ ቀኑ አቃቂ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ዝግ ይላል እንጂ አይተኛም። ከቤተክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች የሽንኩርት ዋጋ ላይ ቆመው ይነታረካሉ፤ ቅዳሴው ያበረደውን ልብ ሽንኩርቱ መልሶ ያሞቀዋል። ሚኒባሶቹ «ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ፣ የቀረ ኮዬ!» እያሉ ይጣራሉ። የፋብሪካ ሰርቪስ ከሌሊት ፈረቃ የተለቀቁ ልጆችን መስኮት ላይ እንዳሸለቡ ይዞ ያልፋል። አዲሶቹ ሱቆች ጋ ስትደርስ የፕላስቲክ ሣሩ እንደ ምርቃቱ ቀን አረንጓዴ ነው፤ መሐሉ ላይ ብቻ እንደ ድስት ቂጥ ሰርጉዷል፣ በአንድ በኩልም ተቀዷል። ሳታስበው በግራ በኩል አለፈች። ከፊቷ ያሉት ሽማግሌም በግራ አለፉ። የዱቄት ጆንያ የተሸከመው ወዛደር፣ ልጅ ያዘለችው ሴትዮ፣ ሁለት እየተላፉ የሚሄዱ ጎረምሶች፣ ሁሉም እዚያች ቦታ ሲደርሱ ውሃ በደንጊያ ዙሪያ እንደሚፈስ ወደ ግራ ይታጠፋሉ። ቆማ አየቻቸው። በጥናቷ የሰበሰበችው ስለሆነው ነገር ነው፤ ስለ ምርት፣ ስለ ገቢ፣ ስለታሰረ ጋዜጠኛ። ያልወደቀ ሰው ግን የትም አይመዘገብም። ያልወደቀም ሰው ራሱ አለመውደቁን አያውቀውም፤ ጆንያውን ተሸክሞ ዝም ብሎ ያልፋል።

የጋሽ ቡልቻ ቤት በአንድ ትልቅ መጋዘን ግንብ ላይ ተደግፋ የቆመች ናት። መጋዘኑ የቆመበት መሬት የአባታቸው ጤፍ ማሳ ነበር፤ አሁን ለምልክት የቀረው ግቢው ውስጥ ያለው አንድ ግራር ነው። ባለቤታቸው ጠጄ ግራሩ ስር ልብስ ያሰጣሉ።

«አካም ጅርታ፣ የፍቅሩ ልጅ! ግቢ። ሊቀመንበሩ ምን ላኩሽ? ግራሩንም ልትወስዱት ነው?»

«ኧረ እትዬ ጠጄ! ስብሰባው ዘጠኝ ሰዓት ነው ልል ነው።»

«አይ! የሚያባርሩትን ሰው ደግሞ ቀጠሮ አክብር ሊሉት ነው!»

ጋሽ ቡልቻ ከውስጥ እየሳቁ ወጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚሰፋ ሰው ናቸው። እምነት አባቷ በሞተበት ማለዳ ይህን ድምፅ ከሩቅ ሰምታዋለች፤ ያን ጊዜ በጡሩምባው ነበር። ልጅ ነበረችና የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ድምፁ ካለፈ በኋላ ግቢው በሰው ሞላ። ብቻቸውን አልነበሩም። ዛሬ በዚያ ሰው ላይ ልትናገር የታዘዘች መሆኗ ትዝ ሲላት የተሰጣት ሻይ እጇን እንደፈጃት እንኳን አላወቀችም። ጠጄ ከሻይው ጋር በሣህን ጭኮ አቀረቡላት። ብዪ፣ ብዪ አሏት።

«ጋሽ ቡልቻ፣ ማን ነው የወደቀው?»

«አንድ አባል።»

«ስሙን ቢናገሩ እኮ ኮሚቴው ያምንዎታል። አሁን ውሸቱን ነው እየተባለ ነው። ካፌውን የፈለገ ሌላ ተከራይ አስወርቶት ነው ይላሉ።»

«ሰምቻለሁ። ሳወጣቸው አደራህን ቡልቻ ብለውኛል።»

«ታዲያ አደራ ካሉዎት ለምን ለፈፉት?»

ጋሽ ቡልቻ ጭኮውን በጣታቸው እያድበለበሉ አሰቡበት። «አደራ ያሉኝ ስለ ራሳቸው ነው» አሉ። «ስለ ጉድጓዱ አደራ ያለኝ የለም። ብዙወርቅን ሊቀብር ስንት አሮጌ ነው በዚያ የሚያልፍ? በማግስቱ ደግሜ ደግሜ እነሱን ልለፍፍ ነው እንዴ?»

እምነት ልትመልስ ቀና ስትል ዓይኗ ከጋሽ ቡልቻ ትከሻ በላይ አለፈ። የቤቱ መስኮት ደፍ ላይ፣ ፀሐይ በምታገኘው በኩል፣ አንድ ቡናማ ጫማ ቆሟል። አንድ ብቻ። የቀኝ እግር። ታጥቦ፣ ቅርጹ እንዳይበላሽ አሮጌ ጋዜጣ ታጭቆበት። ተረከዙ ላይ ሊስትሮው ቡናማ ክር አጥቶ በጥቁር የሰፋበት ቦታ ከዚያ ሆኖ ይታያል። ያንን ስፌት ታውቀዋለች፤ እትዬ መሰለች ወር ሙሉ ሊስትሮውን የረገሙበት ስፌት ነው። የወረዳው ደረጃ፣ የውሻው ቁጥር፣ እብጠቱ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተሰብስበው ጫማው ውስጥ ገቡ። ጋሽ ቡልቻ ወዴት እንደምታይ አዩ። እሷም እንዳዩባት አየች። 

ጠጄ ጫማውን ከደፉ አንስተው ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከተቱት።

«ጠጄ!» አሉ ጋሽ ቡልቻ።

«ምን? እኔ ማንን ጠራሁ? ከመንገድ ዳር የወደቀ ጫማ አገኘሁ፤ አጠብኩ፣ አደረቅሁ። አደራው ያንተ ነው፤ ጭቃውን ያራገፍኩለት ጫማ ግን የኔ ነው።» ፌስታሉን እምነት እጅ ላይ አስቀመጡት። «አንቺ ደግሞ ብዙ ሰው ወደሚሰበሰብበት እየሄድሽ ነው። ባለቤቱ ከተገኘ ስጪልን። ካልተገኘ መልሺው፤ ቡልቻን በአንድ እግሩም ቢሆን ይሆነዋል።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የእድሩ ግቢ ሞልቷል። ለቀብር የሚተከለው ድንኳን ለፀሐይ ተተክሎ፣ አግዳሚዎቹ ተደርድረው፣ ከኮዬ የመጡት ዘግይተው ከኋላ ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ተነጥፎ መሐሉ ላይ ሜጋፎኑ ተቀምጧል፤ ጋሽ ፍቅሩ ለማስረጃነት ከቡፌው አውጥተው ያመጡት ነው። ሸበጥ አድርገዋል። ከፊት ረድፍ ዳር አዚዛ፣ ፋርማሲ ፈላጊዋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጋሽ ቡልቻ በድንኳኑ ምሰሶ ተደግፈው ቆመዋል። ጋሽ ፍቅሩ ስለ ሱቆቹ ተናገሩ። ክፉ ንግግር አልነበረም። ጧሪ ያጡ አባላትን በስም ጠሩ፤ እነሱ የሚበሉት ከዚህ ኪራይ ነው አሉ፤ ሥራ ሳይጠናቀቅ ጉድለቱ በአደባባይ ከተለፈፈ ማን መጥቶ ይከራያል አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ፣ «ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። ልጄ ዓለምን አጥንታለች። ተነሽ እሙ» አሉ። ልጄ ነው ያሉት፤ የወንድሜ ልጅ አላሉም።

እምነት ፌስታሉን ይዛ ተነሳች። ፊት ለፊቷ ኳስን በዝምታ ያዩላት ሰው አሉ። ምሰሶው ጋ የአባቷን ለቅሶ በሰው የሞሉላት ሰው ቆመዋል። አንዱን ብታነሳ ሌላውን ትጥላለች።

«ያጠናሁት አገሮችን በአንድ መስመር ለመደርደር ነው» አለች። «ጋዜጣው እንደልቡ የሚጽፍባቸው አገሮች ብዙዎቹ ሀብታም ናቸው። አፉ የተያዘባቸው ብዙዎቹ ድሆች ናቸው። ማን ማንን እንደጎተተ ግን መለየት አቃተኝ። ሀብቱ ነው ነፃነቱን ያመጣው፣ ወይስ ነፃነቱ ሀብቱን? ስንት ዓመት ለፍቼ ያስጠረዝኩት አላውቅም የሚል ነው።»

ከኋላ የቆሙት ሳቁ። «ለዚህ ነው ስትመረቂ በግ የበላንልሽ?» አለ አንዱ።

«ሲንጋፖር የምትባል አለች። ጋዜጣዋን ጥብቅ አድርጋ ይዛ በልጽጋለች። ጋሼ ጥሪልኝ ብለውኛል፤ ይኸው ጠራኋት።» ሳቁ ወደ ፊት ረድፍ ደረሰ። ጋሽ ፍቅሩ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ግን ሲንጋፖርም ብትሆን ቦይዋን የምትከድን ይመስለኛል። ዛሬ ስመጣ በግራ በኩል ነው ያለፍኩት። እናንተም በግራ ነው የመጣችሁት። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።»

ጠረጴዛውን ዞረች። ጎንበስ ብላ ፌስታሉን እግራቸው ስር አስቀመጠችና ለእሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ የእርስዎ ነው» አለቻቸው። ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል እንደማትናገር ወስናለች፤ ጋሽ ቡልቻ ቢሰናበቱም ባይሰናበቱም ከዚህ ወዲያ ያለው የጋሽ ፍቅሩ ነው።

በዚህ መሐል አዚዛ እጇን አውጥታ ተነሳች። «ይቅርታ፣ እኔ አባል አይደለሁም። ድሮ በተከራየሁበት ሰፈር ሱቁን ጎርፍ እንደሚገባው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። የነገረኝ አልነበረም። እኔ የሰማሁት መድኃኒቶቼ መዋኘት ሲጀምሩ ነው። እዚህ ገና ሳልከራይ በሜጋፎን ሰማሁ። ደንግጬ ሄድኩ፤ ኋላ ቤቴ ሆኜ ሳስበው ደስ አለኝ። ውል የምፈርመው ክዳኑ የተገጠመ ቀን ነው። መቼ ነው የሚገጠመው?»

«በሂደት ላይ ነው» አለ የእድሩ ጸሐፊ።

ጋሽ ፍቅሩ አልሰሙም። ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አውጥተው ውስጡን እያዩ ነው። ጋዜጣው እንኳን አልወጣለትም። ቀና ብለው እምነትን አዩ፤ ከዚያ ወደ ምሰሶው አዩ። ጋሽ ቡልቻ የድንኳኑን ጣሪያ ያያሉ፣ ቀዳዳ እንደሚፈልግ ሰው። ሳምንት ሙሉ የጋሽ ፍቅሩን ስም አንድ ጊዜ ቢጠሩ ነፃ በወጡ ነበር። ጋሽ ፍቅሩ ሸበጡን አወለቁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጫማውን እግራቸው ላይ ሞከሩት። አልገባም። እንደገና ሞከሩት፤ እብጠቱ እንቢ አለ። ጫማውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ ተነሱና በሌላው ሜጋፎኑን አነሱ። አፋቸው ላይ አድርገው ተናገሩ፤ ድምፅ አልወጣም።

«ቁልፉ ከስር ነው፣ ጋሽ ፍቅሩ» አሉ ጋሽ ቡልቻ ከምሰሶው።

ቁልፉን አገኙት። በሜጋፎን ተናግረው ስለማያውቁ፣ አፋቸው ላይ የመጣላቸው ዕድሜ ልካቸውን የሰሙት አነጋገር ነበር። «እድርተኞች! አቶ ፍቅሩ…» ብለው ድምፃቸው ተሰበረ። ሜጋፎኑን ከአፋቸው አወረዱት፣ ምራቃቸውን ዋጡ፣ ቆዩ። ከዚያ ሜጋፎኑን መልሰው ሳያነሱ፣ በባዶ ድምፃቸው፣ «…ያለፈው ሳምንት ዓርብ ማምሻውን ቦይ ውስጥ ወድቀው ነበር። ሣሩን ያስነጠፍኩት እኔ ነኝ። ስሜን እብነ በረዱ ላይ ለማየት ሄጄ ነው የገባሁበት። ያወጣኝ ቡልቻ ነው። አደራ አልኩት፣ አደራዬን ጠበቀልኝ። እኔ ግን አፉን ቆለፍኩበት» አሉ።

ይህን የሰማው ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ብቻ ነው። ከግቢው ውጪ ያለው መንደር የሰማው የመጀመሪያውን ነው፦ እድርተኞች፣ አቶ ፍቅሩ፣ ከዚያም ዝምታ። ያ ሜጋፎን ደግሞ ስሙን የጠራውን ሰው አስነስቶ አያውቅም። መጀመሪያ ከማዶ አንዲት ሴት ኡኡ አለች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ የግቢው በር ተበርግዶ እትዬ መሰለች፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ በባዶ እግራቸው፣ ከኋላቸው ግማሽ መንደር አስከትለው ገቡ።

«ፍቅሩዬ! ፍቅሩዬ! ምነው ሳትነግረኝ!» እያሉ ደረት ይመታሉ። ስንት ዓመት አንቱ ያሏቸውን ባል ሐዘኑ ባንድ ጊዜ አንተ አደረጋቸው። ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ሟቹ በአንድ እጃቸው ሜጋፎን፣ በሌላው ጫማ ይዘው ቆመዋል።

«አሉ እንዴ?»

«አለሁ።»

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም መሰለች።»

እትዬ መሰለች ወንበሩ ላይ ተዘረፈጡ። አዚዛ ሮጣ ደገፈቻቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስ የመጀመሪያ ነገራቸው ዓይናቸውን በጫማው ላይ መትከል ሆነ። «ውሻው መለሰው?» አሉ፤ እያለቀሱና እየሳቁ።

አጀንዳው ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ፤ ድምፅ የሚሰጠው ሁሉ ወይ ያለቅሳል ወይ ይስቃል። ሰውም መምጣቱን አላቆመም። ከሽንኩርቱ ጉሊት ሚዛኗን ጥላ የሮጠች አለች። የሚኒባስ ረዳት ተሳፋሪውን አውርዶ መጥቷል። ጋሽ ፍቅሩ ባለፈው ክረምት በአጥር የተጣሉት ጎረቤታቸው እንኳን፣ በሩ ላይ ቆሞ በእጁ ፊቱን ይጠርጋል። የሞተ ሰው እንደሌለ የተነገረውም አልተመለሰም፤ ዞሮ ሌላውን እያቀፈ፣ እሰይ፣ እግዜር ይመስገን እያለ እዚያው ይቆማል። ጋሽ ፍቅሩ እያንዳንዱን ፊት በየተራ አዩ። ዓይናቸው ሞላ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። እምነት ያን ፊት ታውቀዋለች፤ ጎል ሲገባ፣ እሷ እንዳትረበሽ፣ የሚያሳዩት ፊት ነው። ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። ክንዳቸውን በክንዷ ያዘች፤ እሳቸውም በሙሉ ክብደታቸው ተደገፏት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ቡልቻ» አሉ በመጨረሻ፣ ሜጋፎኑን እየዘረጉ። «አልሞተም በልልኝ። ለቀብሬ ለመጣው ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በል። ማንንም ሳታስቀር።»

ጋሽ ቡልቻ ሜጋፎኑን ተቀብለው አፉን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ። «ሌላስ?»

ጋሽ ፍቅሩ ያበጠ እግራቸውን አዩት።

«ጉድጓዱንም ጨምርበት።»

ጋሽ ቡልቻ ሕዝቡን እየከፈቱ ወደ መንገዱ ወጡ፣ በግራ በኩል።